የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እና የከተማዋ ማኅበራዊ መሠረተ ልማት

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሲዳማ ክልል ዋና ከተማ በሐዋሳ የሚገኝ፣ በዋናነት የጨርቃ ጨርቅና የአልባሳት ፋብሪካዎችን የያዘ የመንግሥት ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩት ኃይለማርያም ደሳለኝ ተመረቀ። ይህ መጣጥፍ ፓርኩ በዙሪያው ባለው ኅብረተሰብ ማኅበራዊ መሠረተ ልማት ላይ፣ ማለትም በመኖሪያ ቤት፣ በውሃና ፍሳሽ፣ በትራንስፖርት፣ በጤና አገልግሎትና በከተማዋ ገቢ ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ ይመለከታል። ፋብሪካ የሚፈልገው ነገር በአጥሩ ውስጥ በዕቅድ ተሠርቷል። ሠራተኛዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የሚያስፈልጋት ግን በአብዛኛው ለከተማዋና ለግል አከራዮች የተተወ ነበር።

ትርጉም

ማኅበራዊ መሠረተ ልማት ሰዎች ለኑሯቸው የሚገለገሉባቸው ተቋማትና አገልግሎቶች ስብስብ ነው። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የመጠጥ ውሃ፣ የፍሳሽ ማስወገጃ፣ መኖሪያ ቤት፣ የሕፃናት መዋያና የሕዝብ ትራንስፖርት በዚህ ሥር ይመደባሉ። አውራ ጎዳና፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያና ወደብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኢኮኖሚያዊ መሠረተ ልማት ይባላሉ። ሁለቱን የሚለየው መስመር ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም፤ አንድ የውሃ መስመር ጨርቅ ለማቅለምም ወጥ ለመሥራትም ሊውል ይችላል።

በኢትዮጵያ ሕግ የኢንዱስትሪ ፓርክ ትርጉም የሚገኘው በኢንዱስትሪ ፓርክ አዋጅ ቁጥር 886/2007 ነው። አዋጁ ፓርክን ወሰኑ የታወቀ፣ እንደ መንገድ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ውሃና የአንድ መስኮት አገልግሎት ያሉ መሠረተ ልማቶች በዕቅድ የሚሟሉበትና ልዩ ማበረታቻ የሚሰጥበት ቦታ አድርጎ ያስቀምጠዋል። በዚህ ትርጉም ውስጥ ትልቁን ቦታ የሚይዘው «ወሰን» የሚለው ሐሳብ ነው። ከወሰኑ ወዲህ ያለው የፓርኩ አልሚ ሥራ ሲሆን ከወሰኑ ወዲያ ያለው የክልሉና የከተማው አስተዳደር ሥራ ይሆናል። ሠራተኛዋ ግን በየቀኑ ወሰኑን ሁለት ጊዜ ታቋርጣለች።

ቀደምት ምሳሌ፦ ወንጂ

በኢትዮጵያ ፋብሪካና መኖሪያ ሁልጊዜ ተነጣጥለው አልተሠሩም። ኤች ቪ ኤ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. በአዋሽ ሸለቆ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሲከፍት ለሠራተኞቹ መንደሮችን፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤቶችን አብሮ አቋቁሟል። ኩባንያው አሠሪም፣ አከራይም፣ የውሃ አቅራቢም ነበር። ቤቶቹ እንደ ሥራ ደረጃ ይለያዩ ነበር፤ የውጭ አገር ባለሙያዎች የሚኖሩበትና የአገዳ ቆራጮች የሚኖሩበት መንደር አይመሳሰሉም። ያም ሆኖ ሠራተኛው የሚያድርበት ቦታ በፋብሪካው ዕቅድ ውስጥ ነበረ።

የወንጂ ልምድ ሌላም ገጽታ አለው። ለመንደሮቹ የተቆፈሩት ጉድጓዶች እንደ ብዙዎቹ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ከፍተኛ ፍሎራይድ የያዙ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን የወንጂ ጉድጓዶች ውሃ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። በእስቴቱ ነዋሪዎች ዘንድ የጥርስና የአጥንት ፍሎሮሲስ በሰፊው ታየ፤ ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ አጥንታቸው የደነደነና ጀርባቸው የጎበጠ ሠራተኞች ነበሩ። ኩባንያው ፍሎራይድ የሚቀንሱ ማጣሪያዎችን ተከለ። ወንጂ የኩባንያ ከተማ ስለነበረች የውሃው ጥፋት ባለቤት ነበረው፤ ማጣሪያውን መትከል የማን ግዴታ እንደሆነም አላከራከረም። ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. ሲወረስ ቤቶቹ፣ ሆስፒታሉና የውሃ ማጣሪያው አብረው ወደ መንግሥት ተላለፉ።

የፓርኩ አመሠራረት

የሐዋሳ ፓርክ የተገነባው ሲሲኢሲሲ በተባለው የቻይና የሥራ ተቋራጭ ሲሆን ግንባታው 9 ወር ገደማ ፈጅቷል። ወጪው 250 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አካባቢ ነበር። 52 ሼዶች፣ የጉምሩክ፣ የባንክና የኢንቨስትመንት ጉዳዮች በአንድ ቦታ የሚያልቁበት የአንድ መስኮት አገልግሎት፣ እንዲሁም የራሱ የፍሳሽ ማጣሪያ አለው። ዋናው ደንበኛ ፒ ቪ ኤች የተባለው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ ነበር። ከእርሱም ጋር የሕንድ፣ የስሪ ላንካ፣ የሆንግ ኮንግና የቻይና አምራቾች ገብተዋል።

ፓርኩ ሙሉ በሙሉ ሥራ ሲጀምር በሁለት ፈረቃ 60,000 ሠራተኞችን ይቀጥራል ተብሎ ታቅዶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በሐዋሳ ከተማ የሚኖረው ሕዝብ ከ157,000 ጥቂት ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ዕቅዱ በቆጠራው ጊዜ ከነበረው የከተማ ነዋሪ ከ3 ሰው 1 የሚያህል ቁጥር በአንድ አሠሪ አካባቢ የሚሰበስብ ነበር። ከተማዋ ከቆጠራው ወዲህ በፍጥነት ማደጓ ንጽጽሩን ቢያለዝበውም፣ በ9 ወር ሼድ መሥራት እንደሚቻለው በ9 ወር ለ60,000 ሰው የሚሆን ሰፈር መሥራት አልተቻለም፤ አልታቀደምም።

ሠራተኞቹ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ የመጡት ከሐዋሳ ሳይሆን በዙሪያዋ ካሉ የገጠር ወረዳዎችና ትናንሽ ከተሞች ነው። ምልመላው የሚካሄደው በየወረዳው በምዝገባ ሲሆን ከዚያ የእጅ ቅልጥፍና ፈተና ይሰጣል፤ ያለፉት ለፋብሪካዎች ይመደባሉ። አሠራሩ ለፋብሪካዎቹ የሰው ኃይል በተደራጀ መንገድ ያቀርባል። የተመለመለችው ልጅ ሐዋሳ ስትደርስ የት እንደምታድር ግን የምዝገባው አካል አልነበረም።

መኖሪያ ቤት

የፓርኩ ተጽዕኖ ከሁሉም በላይ የታየው በቤት ኪራይ ላይ ነው። ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት የወጣውና በ2011 ዓ.ም. የታተመው ጥናት በፓርኩ የመነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር እንደነበር አመልክቷል፤ በወቅቱ ምንዛሪ 750 ብር አካባቢ ማለት ነው። ጥናቱ ይህን በዓለም ልብስ ሰፊ አገሮች ዘንድ ከሚከፈለው ሁሉ ዝቅተኛው ብሎታል። በሥራ ላይ ለሚገኙ ሰዓት አክባሪዎች የሚሰጡ ጉርሻዎችና የምግብ ድጋፎች ቢታከሉም ይህ ገቢ ለብቻ ቤት ተከራይቶ፣ በልቶና ወደ ቤተሰብ ልኮ የሚያዳርስ አልነበረም። ኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ የወሰነችው ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም ወለሉ በአዋጁ ውስጥ አልተጻፈም።

በዚህ ምክንያት የተለመደው አኗኗር ሦስት ወይም አራት ሆኖ አንድ ክፍል መከራየት ሆነ። የሚከራዩት ክፍሎች ብዙውን ጊዜ ባለቤቶች በግቢያቸው ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ በጭቃ ወይም በብሎኬት የሠሯቸው ሰርቪስ ቤቶች ናቸው። መጸዳጃ ቤትና የውሃ ቧንቧ ለመላው ግቢ በጋራ ነው። ፍራሽ በፈረቃ የሚጋሩም አሉ፤ የቀን ፈረቃ ስትወጣ የሌሊቷ ትተኛለች። ምግብ በጋራ ይበስላል፣ ወጪ በጋራ ይዋጣል፣ እቁብም በዚያው ክፍል ይጣላል። የአንድ ወረዳ ልጆች አብረው መኖራቸው ከገጠር ለመጣች ወጣት ለከተማው የመጀመሪያ መግቢያ ይሆናታል፤ ታማ ስትተኛ ውሃ የምታቀብላትም ያችው የክፍል ጓደኛዋ ናት።

ለአካባቢው ነዋሪ የኪራይ ገበያው ገቢ አምጥቷል። ባዶ ግቢ የነበራቸው ቤተሰቦች ክፍል ሠርተው አከራይተዋል፤ በየመንደሩ ሱቅ፣ ሻይ ቤት፣ ጉሊትና የሞባይል ጥገና ተስፋፍቷል። በሌላ በኩል ኪራይ ሲጨምር ጫናው በፓርኩ ሠራተኞች ላይ ብቻ አያርፍም። በከተማዋ ከፓርኩ በፊት ሲከራይ የኖረ የቀን ሠራተኛ፣ ጀማሪ መምህር ወይም የተማሪ ቤተሰብም ለዚያው ክፍል ይወዳደራል። የፓርኩ ጥቅም ሲሰላ የሥራ ዕድሉ ይቆጠራል፤ ይህ ወጪ ግን በየቤቱ ስለሚከፋፈል በአንድ ሪፖርት ውስጥ ተጠቃሎ አይታይም።

የቤት ችግሩ ተመልሶ ፋብሪካዎቹን ነክቷል። ከላይ የተጠቀሰው ጥናት በወጣበት ጊዜ ፓርኩ 25,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩት፤ ፋብሪካዎቹም በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን ሙሉ በሙሉ የመተካት ያህል ፍልሰት ያጋጥማቸው ነበር። ከሦስት ወር ሥልጠና በኋላ የምትሄድ ሠራተኛ ለአሠሪው ኪሳራ ናት። የምትሄድበት ምክንያት አንድ ብቻ ባይሆንም፣ ደመወዙ ከኪራይ በኋላ የሚያስተርፈው ጥቂት መሆኑ ከዋናዎቹ አንዱ ነው። ለሠራተኛ ማደሪያ የሚወጣ ገንዘብ ብዙ ጊዜ እንደ በጎ አድራጎት ይቀርባል። ከፍልሰቱ አንጻር ሲታይ ግን የምርት ወጪ ነው ቢባል ይቀላል።

በሠራተኛ ማደሪያ ጉዳይ ሁሉም ፓርኮች አንድ ዓይነት አይደሉም። በዱከም በሚገኘው የቻይናውያን የግል ፓርክ በምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ማደሪያ በግቢው ውስጥ ተሠርቷል። ግቢ ውስጥ ማደር ኪራይና ትራንስፖርትን ያስቀራል፤ በአንጻሩ የሠራተኛዋ ማታና እሑድ በአሠሪው ቁጥጥር ሥር ይሆናል፤ ሥራዋን ስታጣም አልጋዋን አብራ ታጣለች።

ውሃና ፍሳሽ

የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ዋናው ወንዝ ጥቁር ውሃ ሲሆን በዚህ ወንዝ የሚመጣ ብክለት የትም አይሄድም፣ እዚያው ይጠራቀማል። ከፓርኩ በፊት የነበሩ የከተማዋ ፋብሪካዎች፣ ከእነርሱም ውስጥ የቀድሞው የሐዋሳ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፍሳሻቸው በዚህ አቅጣጫ ወደ ረግረጉና ወደ ወንዙ ይሄድ እንደነበር በተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ተመዝግቧል።

አዲሱ ፓርክ ሲሠራ ይህ ግምት ውስጥ ገብቷል። በሕንዱ አርቪንድ ኤንቪሶል የተሠራው ማጣሪያ በቀን 11 ሚሊዮን ሊትር የማከም አቅም ያለው ሲሆን አሠራሩ «ዜሮ ፍሳሽ» ይባላል። ከፋብሪካዎቹ የሚወጣው ውሃ በተለያዩ ደረጃዎች ተጣርቶ በአብዛኛው ወደ ፋብሪካዎቹ ይመለሳል፤ ቀሪው በትነት ይወገድና ጨውና ደለል ይቀራል። በአቃቂ ወንዞች ዳር ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር በተቀላቀለ ውሃ አትክልት ከሚለማበት ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

ነገር ግን ማጣሪያው የሚያክመው በፓርኩ ውስጥ የወጣውን ፍሳሽ ነው። ሐዋሳ ከተማን የሚያዳርስ የፍሳሽ መስመር የላትም፤ አብዛኛው ግቢ የሚጠቀመው የጉድጓድ መጸዳጃ ወይም ሴፕቲክ ታንክ ነው። ለአንድ ቤተሰብ የተቆፈረ ጉድጓድ ሰርቪስ ቤቶቹ ሲሞሉ ለ20 እና ለ30 ሰው ይሆናል። ስለዚህ ሠራተኛዋ በሥራ ሰዓት የምትጠቀመው ውሃ በአገሪቱ ካሉ ዘመናዊ ማጣሪያዎች በአንዱ ያልፋል፣ ማታ የምትጠቀመው ደግሞ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ሁለቱም ያሉት በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ነው።

የመጠጥ ውሃም የራሱ ችግር አለው። ሐይቁና የአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ እንደ ወንጂ ፍሎራይድ ስለሚበዛባቸው ከተማዋ ከቀዶ ወንዝ የሚመጣና የተጣራ ውሃ እንዲሁም የተመረጡ ጥልቅ ጉድጓዶችን ትጠቀማለች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ተከራይ ውሃው የመጣበት ሰዓት ካመለጣት በጄሪካን መግዛት ይኖርባታል።

ትራንስፖርት

ፓርኩ ያለው በከተማዋ ዳርቻ ነው። ፋብሪካዎች ሰርቪስ አውቶቡስ ያቀርባሉ፤ አውቶቡሱ ግን በዋና መንገድ ብቻ ስለሚሄድ ከዚያ እስከ ቤት ያለው መንገድ በእግር ወይም በባጃጅ ነው። ርካሽ ክፍል የሚገኘው ደግሞ ከዋናው መንገድ ርቆ ነው። ማታ ፈረቃ ሲለቀቅ መብራት በሌለው ኮረኮንች መንገድ ላይ የሚደርስ ዝርፊያና ትንኮሳ ሠራተኞቹ ሥራ ለመልቀቅ ከሚሰጧቸው ምክንያቶች መካከል ነው።

ጤና

ፓርኩ ለመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የሚሆን ክሊኒክ አለው። ከዚያ ያለፈ ጉዳይ ወደ ከተማዋ ጤና ጣቢያዎች፣ ወደ አዳሬ ሆስፒታል ወይም ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሄዳል። እነዚህ ሆስፒታሎች ቀድሞም ከአጎራባች አካባቢዎች የሚመጡ ታካሚዎችን የሚያስተናግዱ ናቸው።

ብዙ ጊዜ የማይታየው የመድን ጉዳይ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የተዘጋጀው በገጠር ላለውና በከተማ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው ሕዝብ ነው። ለደመወዝተኞች የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ቢፈቀድም ተግባራዊነቱ ለብዙ ዓመታት ሲራዘም ቆይቷል። በገጠር ሳለች በወላጆቿ ካርድ ትታከም የነበረች ወጣት ፋብሪካ ስትቀጠር ደመወዝተኛ ትሆናለች፤ የደመወዝተኛው መድን ግን አልተጀመረም። ከሁለቱ መካከል ወድቃ የመታከሚያ ገንዘቧን ከኪሷ ትከፍላለች ወይም ከጓደኞቿ ትበደራለች።

የፋብሪካ ሥራ በጤና ላይ ያለው ተጽዕኖ በኢትዮጵያ በሙከራ ተጠንቷል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ከሐዋሳ ፓርክ ውጭ ባሉ 5 ድርጅቶች ወደ 1,000 የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ በመለየት ተከታትለዋል። ሥራውን ካገኙት አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ለቀዋል፤ ከአንድ ዓመት በኋላም ሥራው የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ ከባድ የጤና ችግር እንዳለባቸው ተናግረዋል። ሠራተኞቹ ከፋብሪካው ሲለቁ ሕመሙን ይዘው የሚሄዱት ወደ ሰፈር ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ትውልድ ቀበሌያቸው ነው።

በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የወሊድ ፈቃድን ወደ 120 ቀን አሳድጓል፤ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው ከወሊድ በኋላ ነው። ከ90 ቀን በኋላ ሕፃኑን ማን ይይዛል የሚለው ጥያቄ ግን ይቀራል። ዘመድ በከተማው ለሌላት ሠራተኛ ምርጫዎቿ ሥራ መልቀቅ፣ ልጁን ለእናቷ ወደ ገጠር መላክ ወይም ከጎረቤት ጋር በክፍያ መስማማት ናቸው።

የከተማዋ ገቢ

ከተማዋ ትምህርት ቤት፣ ውሃና መንገድ ለመጨመር ገንዘብ ያስፈልጋታል። ከፓርኩ የሚገኘው ቀጥተኛ ታክስ ግን ከሠራተኛው ብዛት ጋር አይመጣጠንም። ባለሀብቶቹ ለተወሰኑ ዓመታት ከትርፍ ግብር ነፃ ናቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግል ድርጅት ተቀጣሪዎች የሥራ ግብር የክልል ገቢ ነው። መጠኑን ለማየት ቀላል ስሌት ይበቃል። ፓርኩ በተመረቀበት በሐምሌ 2008 ሥራ ላይ የዋለው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የመጀመሪያውን 600 ብር ነፃ አድርጎ ከዚያ በላይ እስከ 1,650 ብር ባለው ላይ 10 በመቶ ይጥል ነበር። 750 ብር የምታገኝ ሠራተኛ የምትከፍለው በወር 15 ብር ነው። 25,000ው ሁሉ በመነሻ ደመወዝ ቢሰላ በወር 375,000 ብር ይሆናል፤ በጊዜው ምንዛሪ ከ13,000 ዶላር ብዙም አይርቅም። የመነሻ ደመወዝ ብቻ ስለተወሰደ ትክክለኛው ገቢ ከዚህ ከፍ ሊል ይችላል፤ ምጣኔውም በኋላ ተሻሽሏል። ሆኖም በ250 ሚሊዮን ዶላር ከተሠራ ፓርክ አጠገብ ሰፈሮችን ለማልማት የቀረበው ምንጭ በዚህ ልክ ጠባብ ነበር።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ

የአሜሪካ መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል እንደሚያስወጣ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አስታወቀ፤ ውሳኔው ታኅሣሥ 23 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። ፒ ቪ ኤች በኅዳር ወር ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ገለጸ። ሌሎችም ምርት ቀንሰዋል ወይም ወጥተዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ።

ፓርኩ ሲከፈት የመጣው ጫና በዚህ ጊዜ አቅጣጫውን ለወጠ። ሥራ ያጣች ተከራይ የወር ኪራይ መክፈል ስለማትችል ወደ ቤተሰቧ ትመለሳለች፣ በከተማው ሌላ ሥራ ትፈልጋለች ወይም እንደ ብዙ እኩዮቿ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ታስባለች። ለሠራተኛ ተብሎ የተሠራው ክፍል ባዶ ይሆናል፤ ለእነርሱ እንጀራ ታቀርብ የነበረች ሴትም ገበያዋ ይቀንሳል። ሼዶቹ የመንግሥት ንብረት ስለሆኑ ለሌላ አምራች ሊከራዩ ይችላሉ፤ በእርግጥም የአገር ውስጥ አምራቾች ወደ ፓርኮች እንዲገቡ ተደርጓል። ክፍሉን የሠራው አከራይ ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቁጥር 1322/2016 ፓርኮቹን ወደ ሰፊ የንግድና የምርት ቀጠናዎች ለመቀየር መንገድ ከፍቷል።

በሐዋሳ ምን ያህል ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የውሃ ቦኖ እንደሚያስፈልግ ለማቀድ መነሻው የነዋሪው ቁጥር ነው። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታቅዶ የነበረው አራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል፤ የከተማዋ ዕቅዶች የሚመሠረቱት ፓርኩ ከመከፈቱ 9 ዓመት በፊት በተደረገው ቆጠራ ላይ በተሠሩ ትንበያዎች ነው። በአንድ ሰርቪስ ቤት አራት ሆነው የሚኖሩት ሠራተኞች በዚያ ቆጠራ ውስጥ የተመዘገቡት በየትውልድ ቀበሌያቸው፣ ገና ሕፃናት ሳሉ ነበር።